በመዳፍና በክንድ የተመታ ዲጂታል ፒያኖ፦ ከ11 ወር በኋላ

ፒያኖውን የገዛሁት አገር ሊለቅ ዕቃውን ከሚሸጥ ሰው ነው። ያገለገለ ቢሆንም ጭረት እንኳ አልነበረበትም። 88 ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹ እንደ እውነተኛው ፒያኖ ከበድ ይላሉ። ጠቅላላው 12 ኪሎ ገደማ ስለሆነ የኮንዶሚኒየሙን አራት ፎቅ ብቻዬን ተሸክሜው ወጣሁ። የሊፍቱን ነገር አትጠይቁኝ።

ብራንዱን አልጠራም። ጥፋቱ የዕቃው ይሁን የኔ ገና አልለየልኝም። ዕቃው የተሠራው በጣት እንዲነካ ነው። እኔ ደግሞ 11 ወር ሙሉ በመዳፌ፣ በእጄ ጠርዝና በክንዴ ስወቃው ከረምኩ።

ምክንያቱ አንድ ሙዚቃ ነው። ጋሊና ኡስትቮልስካያ የምትባል ሩሲያዊት አቀናባሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1919 ፔትሮግራድ ተወለደች፣ በ2006 እዚያው ከተማ አረፈች፤ ያን ጊዜ ስሙ ሴንት ፒተርስበርግ ሆኗል። የታዋቂው ሩሲያዊ አቀናባሪ የሾስታኮቪች ተማሪ ነበረች። ስድስት የፒያኖ ሶናታዎች አሏት፤ ሶናታ ማለት እዚህ ለፒያኖ ብቻ የተጻፈ ሙዚቃ ነው። አራተኛውን በ1957 ጻፈች፣ አምስተኛውን በ1986። በመሃሉ 29 ዓመት ዝም! ስድስተኛውና የመጨረሻው በ1988 መጣ። እኔ የያዝኩት ይኼንን ነው። አንድ ወጥ ክፍል ነው፤ ስምንት ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው። ስምንት ደቂቃ ምን አላት ብዬ ነው የገባሁበት።

ሙዚቃው ከሞላ ጎደል ክላስተር ነው። ክላስተር ማለት ጎን ለጎን ያሉ ቁልፎችን በአንዴ መጫን ነው። ሕፃን ልጅ ፒያኖ ፊት ስታስቀምጡት መጀመሪያ የሚያደርገውን ማለቴ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ እያንዳንዱ ምት ድንበር አለው። ከዚህ ቁልፍ እስከዚያ ቁልፍ ተብሎ ተጽፏል፤ አንድ ካለፍሽ ተሳስተሻል። ድምፁ ደግሞ ጉድ ነው። በኖታ ላይ አንድ ኤፍ ማለት ጮክ አድርገሽ ተጫወች ነው። ሁለት ኤፍ፣ በጣም ጮክ። ኡስትቮልስካያ አራት ኤፍ ትጽፋለች፣ አልበቃ ሲላት አምስት።

ኖታውን አንድ ዘመዴ ከጀርመን ይዞልኝ መጣ። ገለጥ አድርጎ አየና "ይኼ ቀለም ፈሶበት ነው?" አለኝ።

እንግዲህ ወደ ዕቃው። የመጀመሪያውን ወር ደስ ብሎኝ ተጫወትኩ። ሄድፎን አድርጌ፣ ማንንም ሳልረብሽ፣ ከሥራ መልስ ማታ ማታ። በሁለተኛው ወር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በአራት ኤፍና በአምስት ኤፍ መካከል ምንም ልዩነት አይሰማኝም። መጀመሪያ ጉልበቴን ጠረጠርኩ። ደግሜ ደጋግሜ መታሁ። ያው ነው።

ፒያኖውን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ አንድ ገጽ ቀዳሁ። ዲጂታል ፒያኖ እጃችሁ ምን ያህል እንደከበደ አያውቅም፤ የሚለካው ቁልፉ የወረደበትን ፍጥነት ነው። ፍጥነቱን በቁጥር ይመዘግባል፣ ከ1 እስከ 127። ይህ ሚዲ የሚባለው የዲጂታል ሙዚቃ መሣሪያዎች መግባቢያ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣ ጀምሮ ያለ ወሰን ነው። የኔን መዝገብ ስከፍተው ከላይ እስከ ታች 127፣ 127፣ 127 ይላል። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እንዲህ ያለ ዓምድ ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ "ይኼ ሰነድ ተፈብርኳል" የሚል ጥርጣሬ ነው። ግን ሐቅ ነበር። አቀናባሪዋ ከጣራው በላይ ሌላ ጣራ ትፈልጋለች፣ ዕቃው ደግሞ የመጀመሪያው ጣራ ላይ ቆሟል።

መፍትሔው ግማሽ መፍትሔ ነው። የንክኪ ቅንብር የሚባል ነገር አለው፤ "ሃርድ" ላይ ሳደርገው 127 ለመድረስ የበለጠ መምታት ያስፈልጋል። አራት ኤፉን 105 አካባቢ አስቀምጬ አምስት ኤፉን ወደ ጣራው ወሰድኩት። ልዩነት መጣ። ግን ልብ በሉ፣ ልዩነቱን ያገኘሁት አምስቱን ከፍ አድርጌ አይደለም፤ አራቱን ዝቅ አድርጌ ነው። ይህ ለአቀናባሪዋ ታማኝነት ነው ወይ ካላችሁኝ፣ አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይብሳል፤ ብዙ ነገር የተማርኩበትም እሱ ነው። ክላስተሩ ውስጥ ዜማ አለ። ከሩቅ ለሚሰማው ጫጫታ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስትሰሙት ግን የክላስተሩ የላይኛው ጫፍ ይንቀሳቀሳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የሚዘምረው እሱ ነው። ስለዚህ አሥር ቁልፍ በመዳፍ ስትጫኑ የትንሿ ጣት ጎን ከሌላው በለጥ ማለት አለበት። በመዳፍ! ሞክሩት እስቲ።

ሦስት ወር የፈጀብኝ ይኼ ነው። አንድ መስመር ስንት ቀን እንደወሰደ ልንገራችሁ። መጀመሪያ መዳፉን ትቼ የላይኛውን ድምፅ ብቻ በትንሿ ጣቴ ተጫወትኩ። አራት ቀን። ከዚያ ጣቴን እዚያው ተክዬ፣ እጄን ወደ ውጭ ዘንበል አድርጌ፣ መዳፌን እንደ ክዳን ከላዩ አስተኛሁት። ጣቷ በአንድ ፀጉር ያህል ትቀድማለች። ካበዛሽው ሁለት ምት ሆኖ ይሰማል፤ ካሳነስሽው ዜማው ይጠፋል። ሳምንት። በመጨረሻ ስልኬ ላይ ቀድቼ ስሰማው፣ ከዚያ ሁሉ ውርጅብኝ በላይ አንድ ቀጭን ነገር ሲሄድ ሰማሁ። አራት ድምፅ ብቻ ነው። ተነስቼ ቡና አፈላሁ፣ በሌሊት።

እዚህ ላይ ዕቃውን ላመስግነው። ቁልፎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ስለሚለኩ ዘንበል ያለ እጅን በትክክል ይለያሉ። ላፕቶፑ ላይ ጫፏ 120፣ ሌሎቹ 100 አካባቢ ሲሆኑ በዓይኔ አየሁ። መምህር አጠገቤ በሌለበት ይኼ ቁጥር መምህር ሆኖኛል።

ፔዳሉን በሚመለከት አጭር ነገር። በእግር ሲረገጥ፣ ቁልፉን ከለቀቃችሁ በኋላም ድምፁ እንዲቀጥል ያደርጋል። የኔ ፒያኖ በአንድ ጊዜ 192 ድምፅ ይሸከማል ተብሎ ተጽፎበታል። ለተራ ሙዚቃ ከበቂ በላይ ነው። በሁለት መዳፍ አንዴ ስመታ ግን ወደ ሃያ ድምፅ ነው። ፔዳሉን ረግጬ ቦታ እየቀያየርኩ ስቀጥል የቆዩት ድምፆች ከሥር ተቆርጠው ይጠፋሉ። ምንጣፉን ከእግራችሁ ሥር የሳቡት ያህል ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቴ። ሄድፎን አድርጌ ማንንም አልረብሽም ብዬ ነበር አይደል? አንድ ማታ በሬ ተንኳኳ። ከታች ያሉት እትዬ ናቸው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው።

"ልጄ፣ በዚህ ሌሊት ምንድነው የምትወቅጪው? በርበሬ ነው?"

"ኧረ እትዬ፣ ፒያኖ ነው። ይቅርታ።"

ወደ ውስጥ አየት አደረጉ። "ፒያኖ ድምፅ የለውም እንዴ?"

ድምፁ ሁሉ እኔ ጆሮ ውስጥ ነው። እሳቸው ጋ የሚደርሰው ዱላው ብቻ ነው። ቁልፉ ታች ሲያርፍ፣ ከማቆሚያው ብረት ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ጣራቸው። ዲጂታል ፒያኖ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አይረብሽም የሚላችሁ ሻጭ ካለ ታችኛው ፎቅ ሄዶ ይደር። ከመርካቶ ወፍራም ጎማ ገዝቼ ከማቆሚያው እግሮች ሥር አነጠፍኩ። ትንሽ ረዳ። የበለጠ የረዳው የራሳቸው የእትዬ ሐሳብ ነው፤ ስፖንጅ፣ ከላዩ አጎዛ። አጎዛውንም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ለአውዳመት ከታረደው በግ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ክላስተር እንዳይኖር ደግሞ ተስማማን።

መብራት ሲሄድ የጠፋውን ፒያኖ ዝም ብዬ እጫወተዋለሁ። ይኼን ማንም አልመከረኝም፤ ግን እጅ ቦታውን የሚማረው ያን ጊዜ ነው። ድምፁ ሲጠፋ ስህተት የሚነግራችሁ መዳፋችሁ ነው። ጥቁሮቹ ቁልፎች ቆዳችሁ ላይ የት እንዳረፉ ይታወቃችኋል።

በአምስተኛው ወር ከመካከለኛዎቹ ቁልፎች አንዱ ቋ ማለት ጀመረ። በሰባተኛው ወር ሌላው ከነአካቴው ድምፅ አጣ። ፒያሳ አካባቢ ላለ ጠጋኝ ወሰድኩት። ከፍቶ ሁለት ነገር አሳየኝ። ቁልፉ የሚያርፍበት ጨርቅ እንደ አሮጌ ጋቢ ሳስቷል፤ ከሥር ያለችው ምቱን የምታነበው ላስቲክ ደግሞ ቆሽሻለች። ላስቲኳን አጽድቶ መለሳት፣ ድምፁ ተመለሰ። ለጨርቁ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። "ማነው የሚጫወተው፣ ልጆች ናቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ምን ልበል?

የኔም ዕቃ ተጎድቷል። የግራ እጄ ጠርዝ ጠንክሯል፣ አንጓዬ ለሁለት ሳምንት አመመኝ። አሁን ክላስተር በቀን ከሃያ ደቂቃ አላስበልጥም። ሄድፎኑንም ዝቅ አድርጌዋለሁ። አምስት ኤፍ በጆሮ ላይ ቀልድ አይደለም።

በዘጠነኛው ወር አንድ ትምህርት ቤት ያለ እውነተኛ ፒያኖ ለግማሽ ሰዓት ተፈቀደልኝ። ቅኝቱ ከተነካ ዓመታት አልፈውታል፣ ሁለት ቁልፉም አይሠራም። ፔዳሉን ረግጬ ክንዴን ጣልኩበት። እኔ ያልነካኋቸው ክሮች አብረው ተነሱ። ክላስተሩ ውስጥ ድምፆቹ እርስ በርስ ሲፋጩ መርገብገብ ይፈጠራል፤ አየሩ የሚንቀጠቀጥ ነው የሚመስለው። ቤት ያለው ፒያኖ የእያንዳንዱን ቁልፍ ቅጂ ደምሮ ይሰጠኛል፤ እዚህ ግን ድምፆቹ ይጣላሉ። 127 የሚባል ግድግዳም አልነበረም፤ በመታሁት ቁጥር የሚጨምረው ነገር ነበረው። ኡስትቮልስካያ ሙዚቃዋ ለአንድ ፒያኖ ብቻ ቢጻፍ እንኳ ቻምበር ሙዚቃ፣ ማለትም ለጥቂት ተጫዋቾች የሚጻፍ የትንሽ ክፍል ሙዚቃ፣ እንዳይባል ትፈልግ ነበር። ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ከዚያ ወደ ሦስት በአራት ክፍሌ ተመለስኩ።

ታዲያ ይገዛል ወይ? ለሌላው ነገር ሁሉ፣ አዎ። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ሥራዎች ስጫወትበት ምንም አይጎድልበትም፤ ለስለስ ያለ እጅን በደንብ ይሰማል። ባኽም ያምርበታል። ለክላስተር ሙዚቃ ግን የመለማመጃ ዕቃ ነው፤ ቦታውንና ዘንበል ማለቱን ያስተምራል፣ ድምፁን አይሰጥም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት መካከለኛዎቹን ቁልፎች አንድ በአንድ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ቋ የሚል ካለ ዋጋ አስቀንሱ። የኔንም የሚገዛ ሰው እንዲሁ ያድርግ፤ ለነገሩ አልሸጠውም።

ሶናታው አሁንም በሙሉ ፍጥነቱ አልደረሰልኝም። ወደ መጨረሻው ግን አንድ ቦታ አለ። ያ ሁሉ ዱላ በድንገት ይቆምና ጥቂት ኮርዶች፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ጥቂት ድምፆች፣ በጣም ቀስ ብለው ይመጣሉ። የሚጫወቱት በጣት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ከመጀመሪያው ጀምሬ እዚያ ደረስኩ። ትንፋሼን ይዤ ኮርዶቹን ስነካ እትዬ በደረጃው ሲያልፉ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

"ጨረስሽ ልጄ?"

"ገና ነው እትዬ። ትንሽ ቀርቶኛል።"

"በይ እንግዲህ፣ ሽሮዬን ላውጣው" ብለው ወረዱ። ሲዘጉ እስኪሰማኝ ጠብቄ ክንዴን አነሳሁ።