ከጅማ አዲስ አበባ፦ በአውሮፕላን ወይስ በአውቶቡስ?

ከጅማ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንት ይፈጃል ስትሉ ሁሉም "50 ደቂቃ ነው" ይላችኋል። ውሸት አይደለም። ግን 50 ደቂቃው አየር ላይ ያለው ብቻ ነው። ከቤት ወጥታችሁ የምትሄዱበት እስክትደርሱ ስትቆጥሩት ሌላ ነው።

ርቀቱ በቀጥታ ከተለካ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ግን ወደ 350 ይጠጋል። በአገር ውስጥ በረራ የምናውቀው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። በዚህ ሒሳብ ግማሽ ሰዓትም አይሞላም ነበር። ጊዜ የሚወስደው ተነሥቶ ከፍታ እስኪይዝ፣ ኋላም ቦሌ ለማረፍ ፍጥነት ቀንሶ ተራ እስኪደርሰው ነው።

እስቲ እንደምረው። ከጅማው መርካቶ አባ ጅፋር ኤርፖርት ቅርብ ነው፤ በባጃጅ 15 ደቂቃ በሉት። ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ። 50 ደቂቃ ትበራላችሁ። ሻንጣ ጥበቃ ግማሽ ሰዓት። ከቦሌ ሜክሲኮ ደግሞ እንደ መንገዱ፤ መዘጋጋት ካለ አንድ ሰዓት ሊሞላ ይችላል። ሲደመር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ። ክረምት ላይ ደመና ከወረደ በረራው ሊዘገይ ስለሚችል፣ በዚያው ቀን ቀጠሮ ያለው ሰው አጥብቆ ባይመድብ ይሻለዋል።

አውቶቡሱ ንጋት 12 ሰዓት ከመናኸሪያ ይወጣል። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አልፎ ከአበልቲ ወደ ጊቤ ሲወርድ ጃኬት ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል። ጎኔ የተቀመጡ አንድ እናት ነጠላቸውን አጣጥፈው ያራግቡ ነበር። ድልድዩን ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ መኪናው ያቃስታል፤ የጫነ ሲኖትራክ ከፊት ካለማ አለቀ፣ ከኋላው ማዝገም ነው። ወልቂጤ ምሳ አለ። ክትፎ ለሚወድ ይሄ ብቻውን ነጥብ ነው። አዲስ አበባ ስትገቡ ሰባት፣ ስምንት ሰዓት ሆኗል።

ዋጋው ብዙም አያከራክርም። የአውሮፕላን ትኬት ከአውቶቡሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ልዩነቱ ኪስ ያራቁታል።

ሰው የሚረሳው ዕቃውን ነው። ከጅማ ባዶ እጁን የሚወጣ የለም፤ ቡና አለ፣ ማር አለ፣ በርጩማ አለ። እኔ አንዴ ሦስት ሊትር ማር በጄሪካን አንጠልጥዬ አውሮፕላን ልገባ ነበር። ፍተሻው ላይ "ይሄ በእጅ አይገባም" ተባልኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ቀድሜ አልጠየቅሁም። ከሰልፉ ወጥቼ፣ በፌስታል ደርቤ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። አዲስ አበባ ስደርስ አንዱ ሸሚዜ ማር ጠጥቷል። አውቶቡስ ላይ ግን ጄሪካኑን እግር ሥር፣ በርጩማውን ፖርቶ መጋላ ላይ ነው።

ስለዚህ የሐኪም ቀጠሮ ወይም ከቦሌ ተያያዥ በረራ ያለው፣ ወገቡን የሚያመውም ሰው፣ አቅሙ ከፈቀደ ይብረር። ለተያያዥ በረራ ሰፋ ያለ ክፍተት ይተው። መታወቂያም አይርሳ። ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ፣ ዕቃ የበዛበት፣ መንገድ ላይ ወልቂጤ ወይም ወሊሶ የሚወርድ ደግሞ አውቶቡሱ ይበቃዋል።

እኔ አሁን አደባልቄዋለሁ። ስሄድ ማሬንና ቡናዬን ይዤ በአውቶቡስ፣ ስመለስ ቀድሜ ትኬት ቆርጬ፣ እጄን እያወዛወዝኩ በአውሮፕላን።