ለላፕቶፔ ኢንተርኔት ፍለጋ፦ ደሴ የገዛሁት፣ ኮምቦልቻ የተውኩት

ሥራዬ የሰው ሒሳብ መዝጋት ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ግማሾቹ ደንበኞቼ ግን ደሴና ኮምቦልቻ ናቸው። ወሩ ሲጋመስ ላፕቶፔን አዝዬ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። አንድ ሳምንት አክስቴ ቤት እቀመጣለሁ። ደረሰኝ እለቅማለሁ፣ ኤክሴል እሞላለሁ፣ የግብር ማሳወቂያ በኢንተርኔት እልካለሁ። ኔትወርክ ከሌለ ሥራ የለም፤ ቡና ብቻ ነው።

ላፕቶፕ ይዞ ለሚዞር ሰው የትኛው ኢንተርኔት ያዋጣል የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። የሆቴል ዋይፋይ፣ ኪስ ዋይፋይ እና የስልክ ሆትስፖት (የስልኩን ዳታ ለላፕቶፑ ማጋራት)፣ ሦስቱንም በራሴ ገንዘብ ሞክሬያቸዋለሁ። የታዘብኩትን ልንገራችሁ።

የሆቴሉን ቶሎ ልገላገለው። አንድ ጊዜ አክስቴ ቤት እንግዳ በዝቶ ደሴ ሆቴል ያዝኩ። “ዋይፋይ አላችሁ?” አልኩ። “አለን” አለኝ ልጁ፣ ኮራ ብሎ። እውነቱን ነው፣ ነበራቸው፤ እንግዳ መቀበያው ጋ። እኔ ያለሁት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ማታ ኮሪደር ላይ ወንበር አውጥቼ፣ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስሠራ አላፊ አግዳሚው “አይዞሽ” እያለኝ ያልፋል። ቁልፍ የጠፋብኝ መስሏቸው ይሆናል። ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ደግሞ የይለፍ ቃሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ የገባ ሁሉ ይጠቀምበታል። የሰው ሒሳብ በዚያ ማለፉን አልወደድኩትም። ለፌስቡክ ይሆናል። ለሥራ ግን እዚያው ይቅር።

በነጋታው ፒያሳ አንድ የሞባይል ሱቅ ገባሁና ኪስ ዋይፋይ ገዛሁ። ለማታውቁት፣ የእጅ መዳፍ የምታክል ነገር ናት። ሲም ትጎርሳለች፣ የራሷ ባትሪ አላት፣ ዋይፋይ ትረጫለች። ያገለገለች ስለሆነች 3,500 ብር ተባልኩ። “ላፕቶፕሽን፣ ስልክሽን፣ የጎረቤትሽን ቴሌቪዥን ሳይቀር ታገናኛለች። አብሽሪ እህቴ!” አለኝ ሻጩ። ደሴ ላይ አብሽሪ ከተባላችሁ በኋላ መከራከር ይከብዳል።

አንድ ነገር ግን በደንብ ጠየቅኩ፤ ለሁሉም ሲም ክፍት ናት ወይ? እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ ለአንድ መስመር ብቻ ተቆልፈው ይመጣሉ። ሌላ ሲም ስትከቱባቸው ዝም ይላሉ። ልጁ የኢትዮ ቴሌኮምንና የሳፋሪኮምን ሲም እየቀያየረ እዚያው አሳየኝ። እናንተም ስትገዙ ሁለቱን ሲም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሱቁ ውስጥ ገጽ ከፍታችሁ እዩ። ያልጠየቅኩት ስለ ባትሪው ነው። “ስድስት ሰዓት ትቆያለች” ብሎኝ ነበር። ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላችም። ተሸወድኩ።

አክስቴ ቤት ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ወደ ላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። በመስኮቱ ጦሳ ተራራ ፊት ለፊት ይታያል። ኪስ ዋይፋይዋን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ ሥራ ጀመርኩ። ጥሩ ነበረች። ስልኬ አይግልም፣ ሰው ሲደውልልኝ ሥራዬ አይቋረጥም። ይኼ የእሷ ትልቁ ጥቅም ነው፣ አልክድም። ምክንያቱም ስልካችሁ በ4ጂ ላይ ጥሪ ማስተናገድ ካልቻለ፣ ጥሪ ሲመጣ ዳታው ወደ 3ጂ ይወርዳል ወይም ቀጥ ይላል። ከደንበኛ ጋር እያወራችሁ ፋይል የምትልኩ ከሆነ ያስለቅሳል።

ከሰዓት በኋላ በድንገት ኔትወርኩ ጠፋ። መስኮቱ ጋ ሄድኩ፤ ዕቃዋ የለችም። ትራስ ሥር ፈለግኩ፣ ቦርሳ አራገፍኩ። “እቴቴ፣ እዚህ የነበረች ትንሽ ጥቁር ነገር አይተሻል?”

“ብልጭ ብልጭ ስትል እሳት እንዳታስነሳ ብዬ ከተትኳት” አለችኝ፣ ቡናውን እየወቀጠች። ቡፌው ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ጀርባ፣ በጨርቅ ተጠቅልላ ተኝታለች። እንደዚያ ታፍናም ትሠራ ይሆን ብዬ አየሁ። አንድ የኔትወርክ ዘንግ ብቻ ታሳያለች። ጨርቁም፣ ቡፌውም፣ ወፍራሙ ግድግዳም ይሸፍናል። የት እንደምታስቀምጧት ከዋጋዋ በላይ ለውጥ ያመጣል። የቡናውን አቦል ጠጥቼ ወደ መስኮቷ መለስኳት።

አሁን ወደ መስመሩ ምርጫ ልምጣ። እስከ ቅርብ ጊዜ ምርጫ አልነበረም፤ ያለው ኢትዮ ቴሌኮም ነበር። ሳፋሪኮም በ2015 መስከረም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን ካስጀመረ ወዲህ ነው “የቱ ይሻላል” የሚባለው። እኔ ሁለቱንም ሲም ያዝኩ። መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው፣ ብዙ ወጪ የለውም። ጥቅሉንም አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ በቴሌብር ወይም በኤምፔሳ እገዛለሁ።

የቱ ይሻላል ለሚለው፣ አክስቴ ቤት አንደኛው ይበልጣል፤ ኮምቦልቻ መጋዘኑ ጋ ሌላኛው ይበልጣል። የትኛው የት እንደሆነ አልነግራችሁም። ደብቄያችሁ አይደለም፤ ሁለት መቶ ሜትር ፈቀቅ ስትሉ ነገሩ ይገለበጣል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ቤቱ አንዱ ዳገት ላይ፣ አንዱ ገደል ሥር ነው። አንቴናውን የሚያየው ቤት ይደላዋል፤ ጉብታ የጋረደው ይቸገራል። እዚያው ሰኞ ገበያ ያለው ጓደኛዬ የሚያሞግሰው መስመር አክስቴ ቤት ኤሊ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ አይታችሁ አትምረጡ። የምትቀመጡበት ወንበር ላይ ሆናችሁ ምረጡ።

እንዴት እንደምመርጥ ላሳያችሁ። የአንድሮይድ ስልክ ከሆነ ማስተካከያ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለው ጋ ገብታችሁ የሲም ሁኔታ የሚለውን ተመልከቱ። የሞገዱ ጥንካሬ በአሉታዊ ቁጥር ይታያል። በ4ጂ ላይ ከ85 እስከ 95 ከሆነ ደስ ይላል። 110 ካለፈ ግን ቦታ ቀይሩ። ላይ የሚታዩት ዘንጎች ያታልላሉ፣ ቁጥሩ አያታልልም። ከዚያ ፍጥነት የሚለካ መተግበሪያ ከፍታችሁ የመጫኛውን ፍጥነት እዩ። ሁሉም ሰው የሚያየው የማውረጃውን ነው፤ እኔን የሚገድለኝ ግን የመጫኛው ነው። የአንድ ደንበኛ ደረሰኝ በስካነር ገብቶ 30 ሜጋባይት ይሆናል እንበል። የመጫኛው ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜጋቢት ከሆነ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። 0.2 ከሆነ ሃያ ደቂቃ ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ ነው ሒሳቡ እንዲህ የሚሆነው። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ።

መንገዱ ላይ ግን ምንም መስመር አትመኑ። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ መጥፋቱን ሁሉም ያውቀዋል። የእኔ ጉድ የሐረጎ ቁልቁለት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ግን ቁልቁል ትወርዳላችሁ። መንገዱ እባብ ነው። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ አንድ ፋይል እየላክኩ 94 በመቶ ደረሰ። አንዱ ኩርባ ላይ ቆመ። ከዚያ ከዜሮ ጀመረ። ሳላስበው “ኧረ በፈጠረህ!” ብዬ ጮኽኩ። ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝና “እህቴ፣ ሦስተኛዋ ኩርባ ላይ ይመጣል፣ ከዚያ ወዲህ አትድከሚ” አለኝ። ቆጠርኩ። ሦስተኛዋ ላይ መጣ። ይኼ ልጅ ከማንኛውም የኔትወርክ ካርታ ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ ውስጥ ላፕቶፕ አልከፍትም፤ ደግሞም ያጥወለውለኛል።

ኮምቦልቻ ስደርስ ሙቀቱ ይቀበለኛል፣ ጃኬቴን አወልቃለሁ። ደንበኛዬ የማሾ ነጋዴ ናቸው፣ ሐጂ እላቸዋለሁ። ቢሮአቸው መጋዘኑ ውስጥ ነው። መጋዘኑ ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ለሞገድ እንደ ግንብ ነው። በሩን አልፌ ሦስት እርምጃ ስገባ ኔትወርኩ ከአራት ዘንግ ወደ ባዶ ወረደ። ኪስ ዋይፋይዋን በሩ ጋ ባስቀምጣት ዋይፋዩ በጆንያው ክምር አልፎ እኔ ጋ አይደርስም። ባትሪዋም ቀኑ ሳይጋመስ አለቀ።

ያን ቀን ነው ገመዱን ያገኘሁት። አሮጌ ስልኬ ሁለት ሲም ይይዛል። ሦስት ሜትር የዩኤስቢ ገመድ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ፤ ስልኩን በሩ ላይ አንድ የማሾ ጆንያ አናት ላይ አስቀመጥኩ፤ ገመዱን ስቤ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ። ስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ሆትስፖቱ አጠገብ በዩኤስቢ ማጋራት የሚል አለ፣ እሱን ታበራላችሁ። በቃ። ዋይፋይ የለ፣ መጥፋት የለ፤ ስልኩም ከላፕቶፑ ቻርጅ ያደርጋል። አንዱ መስመር ሲደክም ዳታውን ወደ ሁለተኛው ሲም ማዞር በሁለት መንካት ነው፤ ኪስ ዋይፋይዋን ግን ክዳን ከፍቶ፣ ባትሪ አውጥቶ፣ ሲም ቀይሮ።

ሐጂ ከስግደት ሲመለሱ ስልኩን አዩት። “ልጄ፣ ስልክሽን ፀሐይ ላይ አሰጣሽው እንዴ?” አሉኝ። ሳቅኩ። ግን እውነታቸውን ነበር፤ ስልኩ ግሎ ሊጠፋ ደርሷል። ራሳቸው ካርቶን ቀደው ጥላ ሠሩለት። “በሉ ሐጂ፣ ቴክኒሻን ሆኑ” አልኳቸው።

የላፕቶፑን ሆድ ሳትገድቡ ግን ማንኛውም ጥቅል አይበቃችሁም። ስልክ ቁጥብ ነው፣ ላፕቶፕ ግን ዋይፋይ ሲያይ እንደ ድግስ ቤት ይገባል። በመጀመሪያው ጉዞዬ አምስት ጊጋ የሳምንት ጥቅል ገዝቼ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ላፕቶፑ ራሱን ሲያድስ ቀረጠፈው። ዊንዶውስ ከሆነ የግንኙነቱ ማስተካከያ ውስጥ ሜተርድ የሚለውን አብሩት፤ ትልልቅ ዝመናዎችን ያቆያል። ልብ በሉ፣ በገመድ ስታገናኙ ላፕቶፑ እንደ ኢተርኔት ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ለዋይፋዩ ያበራችሁት አይቆጠርለትም፣ ለብቻው ማብራት አለባችሁ። እኔ ይኼን ሳላውቅ ሁለተኛ ጊዜ ተቀርጥፌያለሁ። ፎቶና ሰነድ ወደ ክላውድ የሚያመሳስለውንም ለሳምንቱ አጥፉት። የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት አንድ ጊጋ አካባቢ ሊበላ ይችላል፤ ካሜራችሁን ብታጠፉ ማንም አይቀየማችሁም።

ጥቅሉን በተመለከተ፣ ለሳምንት ጉዞ የሳምንት ግዙ። የወር ገዝቼ ቀሪው እየተቃጠለ ሳየው አንጀቴ ያርራል። ከባድ ከባዱን ፋይል በሌሊት ጥቅል ጭኜ እተኛለሁ። በኢትዮ ቴሌኮም *999# ብላችሁ ያለውን ማየት ትችላላችሁ። ያልተገደበ የሚል ካያችሁ ደግሞ ከስንት ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ እንደሚቀንስ አንብቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የወሎ ሰው አይረሳውም። እኔ ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ነው የምይዘው፣ ፍላሽ ላይም እገለብጣለሁ። ኢንተርኔቱ ለመላኪያ ብቻ ነው። ኦንላይን ብቻ የሚከፈት ሰነድ ይዤ አልጓዝም።

ኪስ ዋይፋይዋስ? አልሸጥኳትም። ሐጂ መጋዘን ትቻት መጣሁ። የጽሕፈት ሥራ የሚሠራላቸው ልጅ በር ላይ ምስማር መትቶ ሰቅሏታል፣ ቻርጀሯ ሁሌም ተሰክቷል። ባትሪዋ ስለማያሳስብ እዚያ አንደኛ ሆናለች፤ አጠገቧ ጠረጴዛ አውጥተው ደረሰኙን በዋትሳፕ ይልኩልኛል። አንድ ቦታ ለሚቀመጥ ሰው እመክራታለሁ። ለሚዞር ሰው ግን ሁለት ሲም የሚይዝ አሮጌ ስልክና ረጅም ገመድ በቂ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሐጂ ደወሉልኝ። መጋዘኑን ወደ ኋላ ሊያሰፉት ነው፤ ቢሮውም ወደ ውስጥ ሊገባ ነው። ሦስት ሜትሩ አይደርስም። አምስት ሜትር ገመድ እየፈለግኩ ነው።