ታጣፊው የባዛር መደርደሪያዬ ከእንቁጣጣሽ እስከ ፋሲካ

በእጅ የተሠሩ ዕቃዎችን በባዛር ለሚሸጥ ሰው፣ ከዕቃው ጥራት ቀጥሎ የሚያሳስበው ዕቃውን ምን ላይ ዘርግቶ እንደሚያሳይ ነው። እኔ የምሸጠው የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሠሩትን ነጠላና ስካርፍ፣ የቆዳ ቦርሳና የገንዘብ መያዣ፣ እንዲሁም ሰፌድና አነስተኛ ሞሰብ ሲሆን፣ አዘጋጆቹ የሚሰጡት አንድ ጠረጴዛ ይህን ሁሉ አይችልም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት መጨረሻ ንድፉን በእርሳስ ሥዬ ለአንድ አናጢ ሰጠሁና ታጣፊ መደርደሪያ አሠራሁ። በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ባዛሮች ሠርቼበታለሁ፤ በመካከሉም በየግቢው በሚካሄዱ አነስተኛ ባዛሮች ላይ ይዤው ወጥቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለማሠራት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መልኩ ነው። ከወራት አገልግሎት በኋላ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ስለ መገጣጠሚያውና ስለ ክብደቱ እንደሆነ አምናለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቁመታቸው 1.70 ሜትር፣ ወርዳቸው 1.30 ሜትር የሆኑ ሁለት መሰላሎች የላይኛው ጫፋቸው በማጠፊያ ተያይዟል፤ ሲከፈቱ እግሮቻቸው 90 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ፣ ሲታጠፉ ደግሞ ተደራርበው ይተኛሉ። በፊተኛውና በኋለኛው መሰላል አግዳሚዎች ላይ አራት ጣውላዎች ይጋደማሉ። መሰላሎቹ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ስለሚቀራረቡ የታችኛው ጣውላ ወርድ 70 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ቀጣዮቹ 50 እና 32፣ የላይኛው ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ናቸው። አራቱም የወጡት 2.44 በ1.22 ሜትር ከሆነ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ (ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው በኮላ የተጣበቁበት ሰሌዳ) ነው፤ የተረፈው ቁራጭም ዕቃ የምጠቀልልባትና ሒሳብ የምቀበልባት ትንሽ ጠረጴዛ ሆኖልኛል።

አናጢው መጀመሪያ የመከረኝ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ እንድገዛ ነበር፤ እኔ ግን ባለ 9 ሚሊ ሜትሩን መረጥሁ፣ በምርጫዬም እስከ ዛሬ ደስተኛ ነኝ። እያንዳንዱ ጣውላ ከዳር እስከ ዳር በሁለት አግዳሚዎች ላይ ስለሚያርፍ፣ ሁለት ጫፉን ብቻ ተደግፎ እንደሚቀመጥ መደርደሪያ መሐሉ አይጎብጥም። የቆዳ ቦርሳ ሞልቼበት ቀኑን ሙሉ ሲቆም እንኳ ቀጥ እንዳለ ነው። አራቱ ጣውላዎች ተደምረው 10 ኪሎ ግራም ግድም ይመዝናሉ፤ በ12 ሚሊ ሜትር ቢሠሩ ሲሶ ያህል ይጨምሩ ነበር፣ ይህም ልዩነት ከመኪና ማቆሚያ እስከ አዳራሹ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው በትከሻው ይታወቀዋል። ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ርካሽና ልስልስ መሆኑ ቢስብም፣ በእኩል ውፍረት ከኮምፔንሳቶ የሚከብድ በመሆኑና ጠርዙ ውኃ ከነካው አብጦ ስለማይመለስ፣ ከቦታ ቦታ ለሚጓዝ ዕቃ አልመክረውም።

ለመሰላሎቹ የተጠቀምነው የፈረንጅ ጥድ ነው። ባሕር ዛፍ በገበያ ላይ እንደ ልብ ይገኛል፣ ጠንካራም ነው፤ ነገር ግን ከባድ ከመሆኑ በላይ ሲደርቅ የመጣመምና የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። ሁለት መሰላሎች ልክ ለልክ ተደራርበው እንዲታጠፉ የሚፈለግ ከሆነ የአንዱ እግር በጥቂቱ መጣመም ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። ጥዱ ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ፀሐይም ካፊያም ቀምሶ ቅርጹን አልለቀቀም። ብዙ ዝፍት ያለው ቁጥር (በእንጨቱ ላይ ቅርንጫፍ የነበረበት ክብ ምልክት) ከዕቃ ጋር በሚነካካበት ቦታ እንዳይገባ ግን እንጨቱ ሲመረጥ መቆጣጠር ያስፈልጋል፤ ከቁጥሩ የሚወጣው ዝፍት ነጭ ነጠላ ላይ ካረፈ በቀላሉ አይለቅም።

አሁን ወደ ማጠፊያው ልምጣ፤ በእነዚህ ወራት የደከመው ክፍል እርሱ ብቻ ነውና። መጀመሪያ የተገጠሙት በር ላይ የሚገጠሙት ዓይነት ቀጫጭን የላሜራ ማጠፊያዎች ሲሆኑ፣ የተያዙትም በአጫጭር የእንጨት ብሎኖች ነበር። በር ተገትሮ የሚኖር ነገር ስለሆነ ማጠፊያው የሚሸከመው ጭነት አቅጣጫው አይለዋወጥም። መደርደሪያ ግን በየጊዜው ይከፈታል፣ ይታጠፋል፣ መኪና ላይ ተጭኖ ይንገጫገጫል፤ በዚህ ሁሉ ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ ቀስ በቀስ ይሰፋል። የገና በዓል ከመድረሱ በፊት መደርደሪያው ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላም ወደ ጎን ሲነካ ይወዛወዝ ጀመር፤ ማጠፊያውን ቀረብ ብዬ ስመለከት የላሜራው ቅጠል ከእንጨቱ የጥፍር ውፍረት ያህል ተነሥቶ፣ በብሎኖቹ ዙሪያ ደቃቅ የእንጨት ዱቄት ተከማችቷል። ብሎኖቹን በረጃጅሞች መተካት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይረዳል። ዘላቂው መፍትሔ እንጨቱን በትራፓኖ ከወዲያ እስከ ወዲህ በስቶ፣ ወፈር ያለ ማጠፊያ በ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን (እንጨቱን አልፎ ከጀርባ በዳዶ በሚጠብቅ ብረት) ማሰር ነው። ከእያንዳንዱ ቡሎን ጀርባ ሰፋ ያለ ሮንዴላ (መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ላሜራ) ገብቶ፣ በላዩ ሁለት ዳዶ እርስ በርሱ እንዲቆላለፍ ሆኖ ሲጠብቅ ንቅንቅታው አይፈታውም። ይህ ከተደረገ በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ መፍቻ አልነካውም። ከጠቅላላው ወጪ አንጻር የቡሎኖቹና የሮንዴላዎቹ ዋጋ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ከመነሻው እንዲህ እንዲሠራ መጠየቅ ይሻላል።

እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ የሚያደርገው ዘዴ ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ነው። በታችኛው ጣውላ ሥር፣ ከፊትና ከኋላ ጠርዙ ገባ ብሎ፣ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች በኮላና በሚስማር ተይዘዋል። ጣውላው ሲጋደም እነዚህ እንጨቶች ከአግዳሚዎቹ ውስጠኛ ጎን ገጥመው መሰላሎቹ ወደ መሐል እንዳይገጥሙ ይገታሉ፤ ወደ ውጭ እንዳይከፈቱ ደግሞ በግራና በቀኝ የታሰሩት አጫጭር ገመዶች ይይዟቸዋል። በዚህ ምክንያት መደርደሪያውን ለማቆም መፍቻም መዶሻም አያስፈልግም፣ አንድ ሰው ብቻውን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያቆመዋል። በኤግዚቢሽን ማዕከል አዳራሽ ዓይነት ልሙጥ ወለል ላይ አንዳች ችግር አይገጥመውም። በኮብልስቶንና በሣር ላይ ግን አራቱ እግሮች እኩል መሬት ስለማይነኩ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ እግሮቹ ሥር አስቸንክሬያለሁ፤ ለቀረው ክፍተት ሁለት ሦስት የእንጨት ሽብልቅ በቦርሳዬ አይታጣም።

ከቤት ውጭ ነፋስ ዋናው ጠላት ነው። በመደርደሪያው ጎን በተሰኩት ዘንጎች ላይ ስካርፍና ነጠላ ሲሰቀል ጨርቁ ነፋሱን ስለሚይዝ፣ መደርደሪያው ከላይ ተገፍቶ ሊወድቅ ይችላል። በጥቅምትና በኅዳር ግቢ ውስጥ በተካሄዱ ባዛሮች ይህን በሚገባ አይቻለሁ። ክብደቱን ከታች ማድረግ ግድ ነው፤ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቼ ታችኛው ጣውላ ላይ፣ ከአቡጀዴ መጋረጃው ጀርባ አስቀምጣለሁ። ጀሪካኑ ባዶውን ስለሚጓጓዝ የጉዞውን ክብደት አይጨምርም፣ ውኃም በየትኛውም ግቢ ይገኛል። ባለ ብረት መደርደሪያ ያላቸው ጎረቤቶቼ ይህን ጣጣ አያውቁትም፤ እነርሱ ግን ለመጫንና ለማውረድ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይፈልጋሉ።

በሽያጭ በኩል ያመጣው ለውጥ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ተነባብሮ በነበረበት ጊዜ ደንበኛ ጎንበስ ብሎ ማገላበጥ ነበረበት፤ በዕድሜ የገፉ እናቶች በተለይ ቆመው አይተው ያልፋሉ። አሁን ጥበቡ ከቆመ ሰው ዓይን ትይዩ ተዘርግቶ ስለሚታይ፣ ሰው ገና ከመተላለፊያው ሳለ የጥለቱን ቀለም ለይቶ ይመጣል፤ ዋጋ ከመጠየቁ በፊትም ጨርቁን ይዳስሳል። ሰፌዶቹን በላይኛው ቀጭን ጣውላ ላይ አቁሜ ሳሳይ ሰው ከሩቅ ያያቸዋል፤ ተደራርበው በነበሩበት ጊዜ ግን የሁሉም ሥፌት ተሸፍኖ የሚታየው የአንዷ ብቻ ነበር። አመሻሹን ለሚካሄድ ባዛር በቻርጅ የሚሠራ ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ያለው የኤልኢዲ መብራት ከላይ ማሰር ተገቢ ነው፤ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን ቆዳውን ያገረጣዋል።

ለሽመና ሥራ የሚሆን መደርደሪያ ማለስለሱ ከማንኛውም የቤት ዕቃ በላይ መሆን አለበት። የኮምፔንሳቶ ጠርዝ ላይ የቀረች አንዲት ስንጥር የነጠላን ክር ትይዝና ትስባለች፤ አንድ ክር የተሳበበት ጥበብ ደግሞ በሙሉ ዋጋ አይሸጥም። ጠርዞቹ መጀመሪያ በ120 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ታሽተው ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ተቀብተዋል፤ ቫርኒሹም ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ዕቃ ሳይነካው ቆይቷል። ቅቡ እስካሁን ደህና ነው፤ ገመድ በሚታሰርበት የእግር ጠርዝ ላይ ብቻ ተልጧል።

የማማርረው ወርዱን ነው። 1.30 ሜትር የኮምፔንሳቶውን ወርድ ሳይቆርጡ ለመጠቀም ቢመችም፣ በትንሽ የቤት መኪና ውስጥ ስለማይገባ ፖርቶመጋላ ያለው ላዳ ወይም ሚኒባስ መፈለግን ግድ ይላል፤ ለአንድ ሰውም በብብት ይዞ በበር ለማለፍ አይመችም። ለሁለተኛ ጊዜ ባሠራ ወርዱን ወደ 90 ሳንቲ ሜትር አወርደዋለሁ፤ ሰፊ ቦታ በሚገኝበት ባዛር ላይ ጎን ለጎን የሚቆሙ ሁለት ጠባብ መደርደሪያዎች ከአንድ ሰፊ ይልቅ ይጠቅማሉ፣ ቦታው ጠባብ ሲሆንም አንዱን ብቻ ይዞ መውጣት ይቻላል። ቁመቱን፣ የጣውላዎቹን ውፍረትና የታችኛውን መቆለፊያ ግን ሳልነካ በዚያው ልክ አሠራቸዋለሁ፤ ለአናጢው የምሰጠው አዲሱ ንድፍም የቡሎኖቹ ቀዳዳ የሚበሳበት ቦታ አስቀድሞ የተለካበት ነው።