ኤስጂፒ ወይስ ክርስተንዩኒ?

የኔዘርላንድ ሁለት ትንንሽ የክርስቲያን ፓርቲዎች ናቸው፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ኤስጂፒ በ1918 (በፈረንጆቹ) ተመሥርቶ ከ1922 ጀምሮ ከፓርላማ ወጥቶ አያውቅም። ከ150 ወንበር ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይ ሦስት ይይዛል፣ በቃ። መራጩ ንቅንቅ አይልም፣ እሑድ ድረ ገጹ እንኳ ዝግ ነው! ሴቶችን በእጩነት ለመቀበል መንገድ የከፈተው ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ከተንከራተተ በኋላ፣ በ2013 ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ክርስተንዩኒ በ2000 ከሁለት ፓርቲዎች ውህደት ተወለደ። በ2006 ስድስት ወንበር አገኘና በዓመቱ ካቢኔ ገባ፤ ኤስጂፒ እዚያ ደርሶ አያውቅም። በ2023 የስደተኞችን ቤተሰብ መቀላቀል የሚገድብ ሐሳብ ሲመጣ እምቢ አለ፣ መንግሥቱም ፈረሰ። በዚያው ዓመት ምርጫ ከአምስት ወንበር ወደ ሦስት ወረደ። እኔ ብሆን ድምፄን የምሰጠው ለእሱ ነው።