ካርታው ለተጫዋቹ፣ ድካሙ ለመሪው፦ ፋውንድሪ ቨርቹዋል ቴብልቶፕ ከሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ታትሞ ከወጣ ጀምሮ ዓለም ያወቀው የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ የሚጠይቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ታሪኩን የሚመራ አንድ ሰው፣ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚቀርቡ ጥቂት ወዳጆች፣ ወረቀት፣ እርሳስና ባለ20 ገጽ ዳይስ ካሉ ጨዋታው ይሄዳል። የእኛን ቡድን የቸገረው ከእነዚህ አንዱም ሳይሆን ጠረጴዛው ራሱ ነው። እኔ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን፣ ከአምስቱ ተጫዋቾቼ ሦስቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ፍራንክፈርት፣ አንዷ ደግሞ ዱባይ ናቸው። መጀመሪያ ላይ በቪዲዮ ጥሪ እየተገናኘን፣ እኔ በደብተር ላይ የሣልኩትን ካርታ በስልክ ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም እልክላቸው ነበር፤ ውጊያ በተነሣ ቁጥር ግን ማን ከማን ኋላ እንደቆመ ለመግባባት ብቻ ግማሽ ሰዓት ይባክን ነበር። ጠረጴዛውን በኢንተርኔት የሚተካውን ሶፍትዌር፣ ፋውንድሪ ቨርቹዋል ቴብልቶፕን፣ የገዛሁት ያ ግማሽ ሰዓት ስላንገበገበኝ ነው።

ሶፍትዌሩ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ ነው። አሠራሩ ከብዙዎቹ መሰሎቹ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚታወቀው ሮል ትዌንቲ በኩባንያው ሰርቨር ላይ የሚሠራ ድረ ገጽ ሲሆን፣ መጀመር ነጻ ሆኖ ሰፋ ያለውን አገልግሎት ለማግኘት በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፈልበታል። ፋውንድሪ ግን በጨዋታ መሪው ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያንኑ ኮምፒውተር ሰርቨር ያደርገዋል፤ ተጫዋቾቹ ምንም ሳይጭኑ፣ የትም ሳይመዘገቡ፣ መሪው የላከላቸውን አድራሻ በብራውዘር ከፍተው ይገባሉ። ፈቃዱ ታክስን ሳይጨምር 50 ዶላር ነው፤ የሚከፈለው አንድ ጊዜ፣ የሚከፍለውም መሪው ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼን በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ክፈሉ ማለት ጨዋታውን ሳይወለድ መቅበር ስለሆነ፣ ለእኛ ምርጫው እዚህ ላይ አልቆ ነበር ለማለት ይቻላል።

ዋጋውን ትቼ ስለ ሥራው ብናገር፣ ይህን ሶፍትዌር ከተራ የምስል ማጋሪያ የሚለየው የብርሃንና የእይታ አያያዙ ነው። መሪው የካርታውን ምስል ካስገባ በኋላ በላዩ ላይ የማይታዩ ግድግዳዎችን በመስመር ይሥላል፤ የትኛው መስመር በር፣ የትኛው መስኮት፣ የትኛው ምሥጢራዊ መግቢያ እንደሆነ ይወስናል፤ ችቦና ፋኖስ የሚያበሩትን ርቀት በቁጥር ይሰጣል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተጫዋች በራሱ ስክሪን ላይ የሚያየው የእርሱ ገጸ ባሕርይ ከቆመበት ቦታ ሊታይ የሚችለውን ብቻ ነው፤ ያልተረገጠው ጥቁር ሆኖ ይቆያል፣ ተረግጦ የታለፈውም ደብዝዞ ይቀራል።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ባለፈው ዓመት በአንድ ምሽት ነው። ቡድኑ ከአንድ የፈረሰ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ወርዶ ነበር። የዱባይዋ ጓደኛችን ቃፊር ችቦዋን ይዛ ቀድማ ሄዳለች፤ ሌሎቹ ከመተላለፊያው መታጠፊያ ወዲህ ቆመዋል። በሩን ጠቅ አድርጋ ስትከፍት የችቦዋ ብርሃን በበሩ ስፋት ልክ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ዘለቀ፣ ከጥግ የተቀመጠው ነገርም በእርሷ ስክሪን ላይ ብቻ ታየ። «ኧረ በማርያም!» አለች። «ምንድን ነው? ምን አየሽ?» ቢሏት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማንም እንዳይንቀሳቀስ» ብቻ አለቻቸው። አራቱ ሰዎች የሚያዩት ጥቁር ማያ ገጽ ነበር፤ ያዩትን ያህል ግን ፈርተዋል። በደብተር ካርታ ቢሆን ያንን ነገር ሁሉም እኩል ያዩት ነበርና፣ ተጫዋቹ ያወቀውን ገጸ ባሕርዩ እንዳላወቀ ሆኖ የመጫወት ግዴታ ይመጣ ነበር። ፋውንድሪ ይህን ግዴታ አነሣላቸው፤ የማያውቁትን በእውነት አያውቁትም።

ዳይሱም ቢሆን በጎ ነው። ውጤቱ በጽሑፍ መስኮቱ ላይ ለሁሉም ይወጣል፣ የቁጥሩ ጭማሪ ከየት እንደመጣ ሲነኩት ተዘርዝሮ ይታያል፣ መሪው ከፈለገ ለራሱ ብቻ በስውር መጣል ይችላል። ዳይሱ ተንከባልሎ ሶፋ ሥር ገባብኝ የሚለው የቆየ ሰበብ በዚሁ ቀርቷል፤ በእኛ ቡድን ይህን ሰበብ አብዝቶ ያቀርብ የነበረው ሰው ማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል።

የሕግጋቱ ነገር ለጀማሪ ግራ ሊያጋባ ስለሚችል ልብ ይባልልኝ። ሶፍትዌሩ ራሱ የየትኛውም ጨዋታ ሕግ የለውም፤ መሪው የሚፈልገውን የጨዋታ ሥርዓት ከውስጥ ሆኖ በነጻ ያወርዳል። ለደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተዘጋጀው በነጻ ይዞት የሚመጣው መሠረታዊውን የሕግ ሰነድ ነው፤ የ5ኛው እትም ሰነድ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት በሚፈቅደው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለተለቀቀ ለመጀመር የሚበቃ አውሬና አስማት ሁሉ በውስጡ አለ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ይገዛል። ፓዝፋይንደር የተባለው ሌላ የሚና ጨዋታ 2ኛ እትም ግን የሕግጋቱ ባለቤት ስለፈቀደ በበጎ ፈቃደኞች ተሠርቶ ሕጉ በሞላ ጎደል ሙሉውን በነጻ ይገኛል። ገንዘብ የሚቆጥብ ቡድን ይህን ቢያስብበት ይጠቀማል።

ወደ ድካሙ ልምጣ። ፋውንድሪ ከአምስት ተጫዋቾች ትከሻ ላይ ያወረደውን ሸክም ሁሉ ሰብስቦ የሚያስቀምጠው በአንድ ሰው ላይ ነው። ከላይ ያመሰገንኩት የግድግዳና የብርሃን ሥራ በእጅ የሚሠራ ነው፤ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ግንብ ከነመስኮቱና ከነደረጃው ለማዘጋጀት ሦስት ሰዓት ፈጅቶብኝ ያውቃል። በዚያ እሑድ ተጫዋቾቼ ግንቡ በር ላይ ደርሰው ዘበኛውን በለሰለሰ አንደበት አነጋግረው፣ የሚፈልጉትን ደብዳቤ ተቀብለው፣ ደጁን ሳይሻገሩ በ20 ደቂቃ ተመለሱ። በወረቀት ዘመን ያልተጠበቀ መንገድ ሲመርጡ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሦስት ሰዓት የደከምኩበት ካርታ ሲኖር ግን ሳላስበው ወደ ካርታው ስጎትታቸው ራሴን ይዣለሁ። ይህ የሶፍትዌሩ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ሶፍትዌሩ የሚጠራው ፈተና ነው።

ሌላው ፈተና ሞጁል ነው። ሰዎች ሠርተው በነጻ የሚያሰራጯቸው ተጨማሪ ክፍሎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ዝናብ የሚያዘንበው፣ ዳይሱን በሦስት ገጽታ የሚያንከባልለው፣ ጥላ የሚያወዛውዘው ሁሉ አለ። ዋናው ሶፍትዌር ትልቅ የስሪት ለውጥ ባደረገ ቁጥር ግን እነዚህ ክፍሎች በየሠሪዎቻቸው እስኪታደሱ ድረስ ላይሠሩ ይችላሉ። እኔ ከ30 በላይ ሞጁል ደርድሬ በጨዋታው ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ፣ አዲሱን ስሪት ጫንኩ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂ ያዝ እያለ ያስጠነቅቃል፤ አልያዝኩም። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ታግዬ አልሆነልኝም፣ ጨዋታው ተሰረዘ፤ አዲስ አበባ ካሉት አንዱ ለዚያ ምሽት ብሎ የዳታ ጥቅል ገዝቶ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሞጁሎቼ አራት ናቸው፣ ጨዋታ ባለበት ሳምንትም ምንም ነገር አላድስም።

የኢንተርኔቱን ጉዳይ በቁጥር ማየት ይሻላል። ሰርቨሩ የእኔ ላፕቶፕ ስለሆነ ካርታው ለአምስቱም የሚላከው ከእኔ ቤት ነው። ፒኤንጂ በሚባለው የምስል ዓይነት የተቀመጠ 18 ሜጋባይት ካርታ ለአምስት ሰው ሲላክ 90 ሜጋባይት ይሆናል፤ የመላኪያ ፍጥነቴ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ስለሆነ ቢፈጥን ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስዳል፣ ተቀባዩም የሚከፍልበት ዳታ ነው። ያንኑ ካርታ ዌብፒ ወደሚባለው የምስል ዓይነት ስለውጠው ዓይን የሚያስተውለው ልዩነት ሳይኖር ወደ 2 ሜጋባይት ወረደልኝ፤ ጠቅላላው 10 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። ይህን ሥራ ካልሠሩ በቀር አዲስ አበባ ካለ ሰው ጋር በዚህ ሶፍትዌር መጫወት አይታሰብም።

ከውጭ ሰው እንዲገባ ደግሞ በቤት ራውተር ላይ 30000 የሚለውን የመግቢያ ቁጥር መክፈት ያስፈልጋል። ቴክኒክ ለማይወድ ሰው ይህ የመጀመሪያው ግድግዳ ነው፤ ብዙ የሞባይልና አንዳንድ የቤት ኢንተርኔት አቅራቢዎች ደግሞ አንድን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ስለሚያካፍሉ፣ ራውተሩ ቢስተካከልም ከውጭ የመጣ ጥሪ ቤት አይደርስም። እንዲህ ያለ ኔትወርክ ላይ ያለ መሪ ሰርቨሩን በኪራይ ቦታ ማስቀመጥ ይኖርበታል፣ ያ ደግሞ አንድ ጊዜ ከፍዬ ተገላገልኩ የሚለውን ሒሳብ ያፋልሰዋል። ድምፅና ምስል ማስተላለፊያ በውስጡ አለው፤ ብራውዘሮች ማይክሮፎን የሚፈቅዱት ምስጠራ ላለው ግንኙነት ብቻ ስለሆነና ያንን ማዘጋጀት ሌላ ጣጣ ስለሚያመጣ፣ እኛ የምንነጋገረው ዲስኮርድ በተባለው የድምፅ መገናኛ ነው።

ስልክ ብቻ ያለው ሰው በዚህ ጨዋታ ቦታ የለውም። ሶፍትዌሩ በይፋ የሚደግፈው ኮምፒውተርን ነው፣ ከ1366 በ768 ያነሰ ስክሪን ሲያገኝም ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ከአዲስ አበባዎቹ አንዱ ላፕቶፑ ለጥገና በገባበት ወር ጨዋታውን የተከታተለው በድምፅ ብቻ ነበር፤ ቶከኑን፣ ማለትም በካርታው ላይ ገጸ ባሕርዩን የሚወክለውን ምልክት፣ እኔ እያንቀሳቀስኩለት፣ ዳይሱን እኔ እየጣልኩለት ከረምን። በአገራችን ብዙ ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው በስልኩ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

አማርኛን በተመለከተ ግን ካሰብኩት በላይ ተደስቻለሁ። በጽሑፍ መስኮቱም ሆነ በማስታወሻዎቹ ውስጥ ፊደላችን ያለ ችግር ይጻፋል፣ የገጸ ባሕርይ ስምም በፊደላችን ይቀመጣል። የገጹ ቃላት ከፕሮግራሙ ተነጥለው በቋንቋ ፋይል ስለተቀመጡ፣ ትንሽ ትዕግሥት ያለው ሰው በአማርኛ ሊተካቸው ይችላል። እኔ ስድስቱን የችሎታ ስሞች ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ጥበብና ግርማ ሞገስ ብዬ ተክቻቸዋለሁ። የገጸ ባሕርዩ ቅጽ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ቦታ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል የሚያህል ስለሆነ «ጥበብ» ልክ ገብቶ ተቀመጠ፤ «ግርማ ሞገስ» ግን ሞገሱን ትቶ «ግርማ» ሆኖ ቀረ።

ያልወደድኩለት ነገር ቢኖር ጠፍጣፋነቱ ነው። በምጠቀምበት 13ኛ ስሪት ለእያንዳንዱ ቶከን ከፍታውን በቁጥር መስጠት ቢቻልም ካርታው ራሱ ከላይ የታየ ሜዳ ነው። የእኛ ታሪክ የሚካሄደው በአምባ አገር ነውና፣ እንደ ደብረ ዳሞ በገመድ ብቻ የሚወጣበት ገደል አለን። አንዱ ገመዱን ይዞ በመሀል ሲንጠለጠል፣ ሌላው ከላይ ሲስብ፣ ሦስተኛው ከታች ድንጋይ ሲወረወርበት፣ ሦስቱም ቶከኖች በአንድ ካሬ ላይ ተደራርበው ቁጥራቸው ብቻ ይለያያል። ያን ምሽት ካርታውን ዘግቼ በአፍ ነው የተረክሁት።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ፤ የቀነስኩት አንዱ ኮከብ ስለ ስልኩና ስለ አምባው ነው። ሁሉም ተጫዋች ላፕቶፕ ላለው፣ መሪውም በሳምንት ሁለት ሦስት ሰዓት ለዝግጅት መስጠት ለማይከብደው፣ ዓመት ዘለቅ ያለ ታሪክ ለሚጫወት ቡድን 50 ዶላሩ ርካሽ ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ምሽት ጨዋታውን ቀምሶ ማየት ለሚፈልግ ግን ይህን ሁሉ ጣጣ አልመክርም፤ ኦውልቤር ሮዲዮ የተባለው ቀለል ያለ መገልገያ ምንም ሳይጫን በብራውዘር ይከፈታል፣ ካርታ አስገብቶ ቶከን ለማንቀሳቀስም ይበቃል። ግድግዳ መሣሉ እንደሚያስደስታችሁ ካወቃችሁ በኋላ ወደ ፋውንድሪ መሻገር ትችላላችሁ።