መጀመሪያ እጄን ላየልኝ የሳይክል መካኒክ

ሰላም ሳይክል ነጂዎች፣ በተለይ ሴቶች እና እጃችሁ ትንንሽ የሆነ፣ ይሄን አንብቡልኝ። ትንሽ ይረዝማል ግን ልጁን ሳላመሰግነው ማለፍ ከበደኝ።

ማውንቴን ባይኬን ከገዛሁት ሰባት ወር ሆነኝ፣ ያገለገለ ነው ግን ፍሬኑ የሺማኖ ሃይድሮሊክ (በገመድ ሳይሆን በዘይት ግፊት የሚሰራ) ነው፣ ጥሩ እቃ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ እንወጣለን፣ ዳገቱ እንኳን አያስቸግረኝም፣ ችግሬ ቁልቁለቱ ነበር። ወደ ሽሮሜዳ ስንወርድ ግማሽ ሳንደርስ ክንዴ ይቃጠላል ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ፍሬኑ ጋ የምደርሰው በጣቴ ጫፍ ነው፣ ሶስት ጣት ካላስገባሁ ደሞ አይዝልኝም። ሶስት ጣት ፍሬን ላይ ሲሆን መሪውን የሚይዘው አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ብቻ ናቸው፣ ድንጋይ ሲመታችሁ መሪው ያመልጣል። አንዴ እንጨት የተሸከሙ እናት ከባህር ዛፉ መሀል ብቅ ሲሉ ለጥቂት ነው የተረፍነው፣ እሳቸው "አይዞሽ ልጄ" እያሉኝ እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዛ በኋላ አንድ ቦታ ወሰድኩት (ስሙ ይቅር)፣ ሰውየው ጨበጥ ጨበጥ አደረገና "ፍሬኑ ምንም አልሆነም፣ ያንቺ እጅ ነው ያነሰው" ብሎ መለሰኝ። አምኜው ነበር፣ በጣም ነው ቅር ያለኝ።

ይሄኛው ልጅ ግን ሳይክሉን ሳይነካ በፊት "እስቲ እጅሽን አሳዪኝ እህቴ" አለኝ። እስክሪብቶ አወጣና አመልካች ጣቴ ላይ፣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ጋ መስመር አሰመረ። "የሊቨሩ (በጣት የሚሳበው የፍሬን እጀታ) ጫፍ እዚህ ጋ ነው ማረፍ ያለበት፣ አንድ ጣት ይበቃሻል።" ከዛ ረዳቱ ሳይክሉን ይዞልኝ ፔዳሉ ላይ ቁልቁለት እንደምወርድ አቆመኝና የእንጨት ማስመሪያ ክንዴ ላይ አጋደመ፣ የእጄ ጀርባ ከማስመሪያው ስር ዝቅ ብሎ ክፍተት ይታያል። ሊቨሮቹ በጣም ወደታች ዘመው ስለተገጠሙ አንጓዬ ታጥፎ ነበር የሚውለው፣ ትንሽ ቀና ሲያደርጋቸው ክፍተቱ ጠፋ።

ቀጥሎ ማርሽ መቀየሪያውን አላልቶ ሊቨሩን ወደ መሀል ሁለት ሴንቲ ያህል ገፋው። ለምን ስለው "በርን ማጠፊያው ጋ ገፍተሽ ታውቂያለሽ? ጫፉን ስትይዢው ነው የሚቀልሽ" አለኝ። ከዛ ሊቨሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በ2 ሚሊ አለን ኪ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ግማሽ ዙር ባዞረ ቁጥር "ያዢ፣ ልቀቂ" እያለኝ መስመሩ ሊቨሩ ላይ እስኪያርፍ ወደ መሪው አቀረበው። ይቺ ብሎን ሰባት ወር ሙሉ እዛው ነበረች!

በጣም ያከበርኩት ግን ከዛ በኋላ ነው፣ የቀኙን ጥርቅም አድርጌ ስይዘው ሊቨሩ መሪውን ነካ። ጨርሰናል ብሎ ሊሸኘኝ ይችል ነበር፣ እሱ ግን "እንዲህ ሆኖ አትወርጂም፣ አየር አለበት" ብሎ አየሩን አስወጣና ዘይቱን ሞላ። ዘይቱንም አሳይቶኛል፣ ሺማኖ የሚወስደው ሚኒራል ኦይል ነው፣ የመኪና ፍሬን ዘይት ከገባበት ውስጡን ጎሚኒውን ይበላዋል፣ እባካችሁ ይሄን ሳትጠይቁ ማንም እንዳይሞላላችሁ። ማሰሪያ ብሎኖቹንም አፍኖ አላጠበቃቸውም፣ ብወድቅ ሊቨሩ ከሚሰበር ዞር እንዲል ብሎ ነው። የሁለቱም ሊቨሮች ከመሪው ያላቸው ርቀት እኩል መሆኑን ለክቶ የዘይቱንና የአየሩን ብቻ አስከፈለኝ፣ ለማስተካከሉ አልቀበልም አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ከላይ እስከ ታች በአንድ ጣት ወረድኩ፣ ክንዴ አልተቃጠለም፣ መንገዱን ቀና ብዬ አየሁት።

የገመድ ፍሬን ያላችሁም ብዙ ጊዜ ያቺ ብሎን አለቻችሁ፣ ሊቨሩ ሲቀርብ ግን ገመዱ ሊወጠር ስለሚችል እሱም አብሮ ይስተካከል። ልጁ ያለው ከሽሮሜዳ ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ ነው፣ ሳላስፈቅደው ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ ኢንቦክስ ጠይቁኝ እሱን አስፈቅጄ እልካለሁ። የምትነዱበትን ጓንት ይዛችሁ ሂዱ፣ ከነጓንቱ ነው የሚለካው። ወንድሜ እጅህ ይባረክ!