የፔጆ 404 ሞተሬንና የሽቦ መስመሯን ለሠሩልኝ ሁለት የድሬዳዋ ባለሙያዎች የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር በሚገኘው ቤቴ ግቢ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆማ የነበረችውን የ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል ፔጆ 404 ሞተሯን ፈትተው በአግባቡ መልሰው ለገጠሙልኝ፣ የኤሌክትሪክ መስመሯንም ከባትሪው እስከ ኋላ መብራቱ ድረስ እንደ አዲስ ለዘረጉልኝ ሁለት ባለሙያዎች በአደባባይ ምስጋናዬን ማቅረብ እፈልጋለሁ። አንደኛው በድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ለብዙ ዓመታት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ደግሞ የቤንዚን ሞተር ብቻ እየመረጡ የሚሠሩ አባት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለተኛዋ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተመርቃ የመኪና ኤሌክትሪክ የምትሠራ ወጣት ስትሆን፣ እርሷ አባባ፣ እርሳቸው ልጄ እየተባባሉ አብረው ይሠራሉ። ሁለቱም ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈቀዱ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ፤ ሥራቸውን ግን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ «ጎበዞች ናቸው» ብሎ ማለፍ መኪናውን ለሰው እጅ ለሚሰጥ አንባቢ ምንም አይጠቅመውምና።

ፔጆ 404 ለምሥራቁ ሰው እንግዳ አይደለችም። ሐረር ላይ ለአሥርት ዓመታት ታክሲ ሆና ስትሠራ ያላያት የለም። ቅርጿን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ሲሆን፣ ፈረንሳይ ውስጥ በ1960 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀርባ፣ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። ሞተሯ 1,618 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ወደ ጎን 45 ዲግሪ የተጋደመ ነው። ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) አልሙኒየም ሲሆን፣ ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ላይነሮችም ዙሪያቸውን በውኃ የተከበቡና ከብሎኩ ተለይተው የሚወጡ ናቸው። እንዲህ ያለ ሞተር ጠንካራና ለጥገና የተመቸ ቢሆንም ከልክ ያለፈ ሙቀት ከነካው ግን ይቅር አይልም። የእኔዋም የቆመችው ሞቃ ነው።

ከእነዚህ ባለሙያዎች በፊት ያማከርኋቸው ጋራዦች በሙሉ ማለት ይቻላል መልሳቸው አንድ ነበር፤ ሞተሩን ጥለህ የቶዮታ ሞተር ግጠምባት አሉኝ። ይህ ምክር ለሚሠራባት ሰው አንዳንዴ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ቅር ያሰኘኝ ግን ከመካከላቸው አንዱ እንኳ መለኪያ አንሥቶ ሞተሩ በእርግጥ መሞቱን ሳያረጋግጥ መፍረዱ ነው። ጋሼ ግን ሞተሩ ይድን እንደሆነ በጠየቅኋቸው ጊዜ «ገና ሳልለካው ምን እላለሁ?» ብለው ነው የመለሱልኝ። ለምስጋናዬ ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፤ እርሳቸውም ሆኑ ወጣቷ ሳይለኩ አይናገሩም፣ የብልሽቱን ምክንያት ሳያገኙም ዕቃ አያስገዙም።

ጋሼ ሥራ የጀመሩት ሞተሩን በመፍታት አልነበረም። ካንዴላዎቹን (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አውጥተው በየሲሊንደሩ የኮምፕሬሽን መለኪያ አስገቡና ሞቶሪኖው (የማስነሻ ሞተሩ) ሲያዞረው የሚገኘውን ግፊት አንድ በአንድ ጻፉ። ሁለቱ መካከለኛ ሲሊንደሮች ከዳርና ዳሮቹ እጅግ ዝቅ ብለው ተገኙ። ከዚያም በእነዚያ ሁለት ሲሊንደሮች ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምረው እንደገና ለኩ። ዘይት ሲጨመር ግፊቱ ከፍ ካለ የደከመው የፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት) ነው፤ ዘይቱ በፋሻውና በላይነሩ መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍነዋል። ካልተለወጠ ግን ጥፋቱ ከላይ፣ ከቫልቭ ወይም ከጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ከሚገባው ማሸጊያ) ነው። የእኔው አልተለወጠም፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው መውረዳቸውም በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠሉን እንደሚያመለክት ነገሩኝ። ቴስታታው ሲነሣ ጓርኒሲዮኑ ልክ በተባለው ቦታ ላይ ተበልቶ አየሁት።

ሥራው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ቴስታታውን ሬቲፊካ (የሞተር ክፍል የሚሞረድበት ቤት) ወስዶ ፊቱን ማስተካከል፣ አዲስ ጓርኒሲዮን መግጠም፣ ሒሳብ መቀበል። ጋሼ ግን ሞተሩ ለምን ሞቀ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ አንድ ብሎን እንኳ እንድገዛ አልፈቀዱልኝም። ብዙ ሹፌሮች ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ አቀበት እያነሡ «ፔጆ ደንገጎ ላይ መፍላት ልማዷ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እርሳቸው ይህን አባባል አይቀበሉም።

መልሱን ያገኘችው ወጣቷ ናት። የ404 የራዲያተር ማራገቢያ ሁልጊዜ ከሞተሩ ጋር አይዞርም። ውኃው ወደ 84 ዲግሪ ሲጠጋ ሙቀት የሚቆጣጠረው ማብሪያ ኤሌክትሪክ ይለቅና፣ በትንሽ የካርቦን ብሩሽ በኩል ያለፈው ኤሌክትሪክ ማግኔት ፈጥሮ ማራገቢያውን ከፑሌጃው (በሞተሩ ቀበቶ ከሚዞረው መዘውር) ጋር ያጣብቀዋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይለቀዋል። በእኔ መኪና ላይ ወደ ብሩሹ የሚሄደው ሽቦ ምን እንደሆነ ባልገባው ሰው ተቆርጦ ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሎ ነበር። ስለዚህ ማራገቢያው አንድም ጊዜ አይያዝም ነበር ማለት ነው። ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲነዳ የሚመጣው ነፋስ ራዲያተሩን ስለሚበቃው ጉድለቱ አይታይም፤ ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ደንገጎ በሁለተኛ ማርሽ በዝግታ ሲወጣ ግን ሞተሩ ብዙ እየደከመ ነፋሱ ያንሰዋል። ጓርኒሲዮኑ ብቻ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው አቀበት መልሶ ይቃጠል ነበር። የሞተሩ በሽታ መነሻው ከሽቦው መሆኑን ሁለቱ አብረው ባይሠሩ ኖሮ ማን ያገኘው ነበር?

ሁለተኛው ምክንያት ውኃችን ነው። የድሬዳዋ ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንኳ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው እናውቃለን፤ ያው ቅርፊት ከዝገት ጋር ተደባልቆ በላይነሮቹ ዙሪያ ያለውን የውኃ መንገድ ግማሽ በግማሽ ዘግቶት ነበር። ጋሼ ላይነሮቹን አውጥተው ጭቃውን በሙሉ ካጸዱ በኋላ፣ ከእንግዲህ ራዲያተሩ ውስጥ ዝገት የሚከላከል ኩላንት በተጣራ ውኃ እየተበጠበጠ እንጂ የቧንቧ ውኃ ብቻውን እንዳይገባ አዘዙኝ።

ስለ ላይነሮቹ አያያዝ አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ቴስታታው ከተነሣ በኋላ ላይነሮቹን ከላይ የሚይዛቸው ነገር ስለማይኖር፣ ሞተሩን ለማዞር የሞከረ ሰው ፒስተኑ ላይነሩን ይዞት ሲነሣ ከሥሩ ያለውን ማኅተም ያላቅቀዋል፤ ያን ጊዜ ውኃው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ጋሼ ቴስታታው እንደተነሣ በብሎንና በወፍራም ሮንዴላ ላይነሮቹን ወደታች አሰሯቸው። ሲመልሷቸውም እያንዳንዱ ላይነር ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ከፍ እንደሚል በሚሊሜትር መቶኛ እየለኩ፣ ከሥሩ የሚገባውን ስስ ማኅተም በውፍረቱ እየመረጡ አስተካከሉ። ክራንክ ሻፍቱን (የፒስተኖቹን ምልልስ ወደ መዞር የሚለውጠውን ዘንግ) በማይክሮሜትር በሁለት አቅጣጫ ለክተው ሞላላ አለመሆኑን አረጋገጡና መሞረድ አያስፈልገውም አሉ፤ በዚህም ትልቅ ወጪ አስቀሩልኝ። እያንዳንዱን ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ከነክዳኑ፣ ፔጆ እንደሚቆጥረው ከቮላኖው (በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ካለው ከባድ መንኮራኩር) በኩል ጀምረው ከ1 እስከ 4 ምልክት አደረጉበት። ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ ከሱማሌ ተራ ያስመጣሁትን ፋሻ ደግሞ አንድ በአንድ ላይነሩ ውስጥ አስገብተው የጫፎቹን ክፍተት ሲለኩ ክፍተቱ ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ ስላገኙት መልሼ ሌላ እንዳስመጣ አደረጉኝ። ማሸጊያው ላይ «ኦርጅናል» ተብሎ መጻፉ ለእርሳቸው ማስረጃ አይደለም።

የሽቦው ሥራ ብቻውን ትልቅ ምስጋና ይገባዋል። የነበረው መስመር ፕላስቲኩ ከሙቀት የተነሣ ደርቆ ሲነካ የሚፈረፈር፣ በየቦታው የተቀጣጠለ፣ ከፊውዞቹም ገሚሱ በመዳብ ሽቦ የተተካ ነበር፤ ይህም መኪና ለማቃጠል የተዘጋጀ ነገር ነው። እህታችን አንድም ሽቦ ከመቁረጧ በፊት መስመሩን በሙሉ ደብተር ላይ ሣለችው፤ እያንዳንዱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስና ስንት አምፔር እንደሚሸከም ጻፈችበት። ከዚያም ጣውላ ላይ ምስማር መትታ አዲሱን የሽቦ ጥቅል በመኪናዋ ልክ እዚያ ላይ ሠራችው። የፊት መብራቶቹ እያንዳንዳቸው 55 ዋት ስለሆኑ ሁለቱ አንድ ላይ ከ9 አምፔር በላይ ይስባሉ፤ ቀድሞ ይህ ሁሉ የሚያልፈው በአሮጌው ማብሪያ ውስጥ ነበር። አሁን ማብሪያው ሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ መቀያየሪያ) ብቻ ያዛል፣ ኃይሉ ከባትሪው በፊውዝ በኩል በቀጥታ ይሄዳል። ለውጡን ቃሏን ብቻ ሰምቼ እንዳምን አልፈለገችም፤ ቴስተሩን እኔው እንድይዝ አደረገችኝ። ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት እያለ አምፖሉ ጋ ይደርስ የነበረው 10.4 ብቻ ነበር፤ አሁን በመንገድ የሚጠፋው ከ0.3 ቮልት አይበልጥም።

ማሳውን (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መስመር) በተመለከተ ያስተማረችኝን ሁሉም ባለመኪና ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ሞተሩ የተቀመጠው በጎማ ላይ ስለሆነ ከቦዲው ጋር በኤሌክትሪክ አይገናኝም፤ ወፍራም የማሳ ካቦ ከሌለው ወይም ከዛገ፣ ሞቶሪኖው ሲነሣ የሚስበው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ በነዳጅ መስጫው ገመድ በኩል መመለሻ ይፈልጋል፣ ገመዱንም ያግለዋል። ከባትሪ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ቦዲ ሁለት ካቦ አድርጋ፣ የሚያርፉበትን ቦታ ቀለሙን ፍቃ እስከ ብረቱ አጸዳችው። በዲናሞው ምትክ የገባው አልተርኔተርም መብራቱ ሁሉ በርቶ 14 ቮልት አካባቢ ይሞላል።

የመገጣጠሙን ሥራ በአጭሩ ልለፈው። የቴስታታው ብሎኖች ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ) ተጠበቁ፤ ቫልቮቹ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ማስገቢያው 0.10፣ ማስወጫው 0.25 ሚሊሜትር ተደረጉ። ካንዴላዎቹ ከመግባታቸው በፊት ሞተሩ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ እንዲዞር ተደረገ፤ አዲስ ብሮንዚና (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርበት ስስ ማረፊያ) በደረቁ መሽከርከር የለበትምና። ሞተሩ ሲነሣ ጋሼ ሬዲዮ እንደሚሰማ ሰው ጆሯቸውን አስጠግተው ቆሙ፤ ፈገግ አላሉም፣ የሙቀቱንና የዘይቱን ልክ ጻፉ፣ ከቀዘቀዘ በኋላም ቴስታታውን እንደገና አጠበቁ።

ከዚያ በኋላ በጠዋት ሦስታችን ተሳፍረን ወደ ሐረር ወጣን። ደንገጎ አቀበት ላይ ማራገቢያው ሲይዝ ድምፁ ይሰማል፤ የሙቀት መርፌው ትንሽ ከፍ ብሎ ይመለሳል። ጋሼ አደሌ ላይ አስቁመው ካንዴላ አወጡና ቀለሙን አዩ፤ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ስለዚህ ሶሌክስ ካርቡሬተሩን ለድሬዳዋም ለሐረርም እንዲመች በጥቂቱ አስተካከሉት። ሐረር ደርሰን ተመልሰን ውኃውን ስናይ አልጎደለም።

ስለ ሒሳብ፦ ዋጋው ሥራው ሳይጀመር በወረቀት ላይ ተጽፎ ተስማማን፤ በመካከል የተጨመረ የለም። የተገዛው ሁሉ ደረሰኙ፣ የወጣው አሮጌ ዕቃም ሁሉ በካርቶን ተደርጎ ተሰጥቶኛል፤ ወጣቷ የሣለችው የሽቦ ሥዕልም አሁን መኪናዋ ውስጥ ይቀመጣል። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ጋሼ የሚሠሩት ካርቡሬተር ያለው የቤንዚን ሞተር ብቻ ነው፤ ናፍጣ አይቀበሉም። ወጣቷ ግን የማንኛውንም መኪና፣ የባጃጅንም ጭምር መስመር ትሠራለች። ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ ጥላ ያለው ሲሚንቶ ወለል፣ የመብራት መስመርና ዕቃ የሚደረደርበት ንጹሕ ጠረጴዛ ግን ማዘጋጀት አለባችሁ። በሙቀቱ ምክንያት ጠዋት እስከ አምስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ነው የሚሠሩት፤ ለቸኮለ ሰው አይሆኑም፣ ይህንንም ራሳቸው አስቀድመው ይነግሯችኋል።